ሰባት ጥይትና አንድ ከርከሮ፦ ከመንዝ መርሐ ቤቴ በእግር

ይህን የምጽፈው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየማችን አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ፣ ጉልበቴን ራሴ በምሸጠው ቅባት እያሸሁ ነው። መድኃኒት ቤት መሥራት ከጀመርኩ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ይህን ቅባት ለስንቱ ሰው «በቀን ሦስት ጊዜ» እያልኩ ሰጥቻለሁ፤ እንደማይሠራ ያወቅሁት ግን ገና አሁን ነው። ከመንዝ መርሐ ቤቴ ባብዛኛው በእግሬ ሄጄ በእግሬ ተመልሻለሁ። የምጽፈው ወደዚያ የመሄድ ሐሳብ ለሌላችሁ ነው፤ ሐሳቡ ካላችሁ መጀመሪያ ጫማችሁን አሳዩኝ።

የጉዞው ምክንያት ከርከሮ ነው። የባለቤቴ ታናሽ እህት ዘነበች መርሐ ቤቴ ነው ያገባችው። ከዓለም ከተማ ወረድ ብሎ፣ ገደሉ አፍ ላይ ማሽላ ያርሳሉ። ማሽላው ሊደርስ ሲል አንድ ከርከሮ ለመደባቸው። ባሏ ታደለ በዱላ ሊያባርረው ቢወጣ፣ ከርከሮው እሱኑ አባርሮት ከእርከን ላይ ወደቀና ትከሻው ወለቀ። ወረዳው ጉዳቱን አይቶ፣ ይህን አንድ አውሬ መግደል ይቻላል የሚል ወረቀት ሰጣቸው። ወረቀት እንጂ ጠመንጃ አልሰጣቸውም። ጠመንጃ ያላቸው አማቴ ጋሼ ወልደየስ ናቸው። ጋሼ ሰባውን ካለፉ ቆይተዋል፤ የሚኖሩት መንዝ፣ ጓሳ ከተባለው የጋራ ሣር ሜዳ ጥግ ነው። ባለቤቴ «ጋሼ» ስለምትላቸው እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ።

ባለቤቴ ጥሩነሽ ከእህቷ ጋር ተነጋግራ ስልኩን ዘጋችና ወደ እኔ ዞረች።

«ፈቃድ ውጣና አብረሃቸው ሂድ። ብቻቸውን ያንን ገደል አይወርዱም።»

«እኔ ስለ ጠመንጃ ምን አውቃለሁ?»

«እሱን እሳቸው ያውቃሉ። አንተ እንዳይወድቁ ያዝልኝ።»

ማን ማንን እንደያዘ ወደፊት ታያላችሁ።

ሐሙስ በጠዋት ተነሣሁ። ደብረ ብርሃን ቁርስ በልቼ መሐል ሜዳ የሚሄድ ሚኒባስ ያዝኩ። ወንበሬ አልዘጋ ካለ መስኮት አጠገብ ነበር። ረዳቱ በፌስታል ደፈነው፤ ፌስታሉ ጣርማ በር ሳንደርስ በረረ። ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ የጋቢያቸውን ግማሽ በትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝና እንቅልፋቸውን ቀጠሉ። እኛ ሰፈር ታክሲ ውስጥ የማላውቀው ሰው ልብሱን ቢያለብሰኝ ኪሴን ነበር የምፈትሸው። እዚህ ሁለታችንም በአንድ ጋቢ ተጠቅልለን፣ ራሳቸውን ትከሻዬ ላይ እንደጣሉ፣ እስክወርድ ድረስ አልተነቃነቅሁም።

ጋሼ መንገዱ ዳር ቆመው ጠበቁኝ። ሦስት ጊዜ ሳሙኝና እግሬን አዩ።

«ይኸ ነው ጫማህ?»

«አዲስ ነው ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ክፉ ነገር አደረገህና ልታስቀድደው አመጣኸው?»

ቤት ስንደርስ አማቴ እማማ የሺ በሰፌድ ላይ ጥይት ዘርግተው፣ ምስር የሚለቅሙ ይመስል ያበጥራሉ። አሥራ አንድ ጥይት ነው። ጋሼ ከምንሽር ጠመንጃቸው ሌላ ያላቸው ሀብት እሱ ነው፤ ጠመንጃው የተመዘገበበትን ወረቀት በፕላስቲክ አስለብጠው ከዳዊታቸው ጋር ያኖሩታል። አራቱን ጥይት ወደ አንድ ጥግ ገፉ። አንደኛው እርሻ ላይ ከማረሻ ጋር የወጣ ነው። ሁለተኛው ዝጎ አረንጓዴ ሆኗል። ሦስተኛው ቂጡ ላይ የተመታ ጉድጓድ አለው፤ አንድ ሠርግ ላይ ቃታው ተስቦበት አልጮህም ያለ ነው። አራተኛውን ማን እንደሰጣቸው እንኳ አያስታውሱትም።

«ለከርከሮው እነዚህን መርጫለሁ» አሉ።

እኔ በሥራዬ ምክንያት ማንኛውንም ነገር ገልብጬ የሚያበቃበትን ጊዜ ነው የማየው። ገልብጬ አየሁ። «ጋሼ፣ እነዚህ ጊዜያቸው ያለፈ አይመስልዎትም?»

«ሽሮፕ ነው እንዴ የሚበላሸው?»

«እነዚያስ ሰባቱ? የሚያብረቀርቁት?»

«እነዚያ ሥራ አላቸው» ብለው በነጭ ጨርቅ ጠቀለሏቸውና ወገባቸው ላይ አሰሩ።

ሥራቸውን የነገሩኝ እማማ የሺ ናቸው። በአገሩ ሬሳ ከቤት ተነሥቶ ቤተ ክርስቲያን እስኪደርስ ሰባት ቦታ ያርፋል፤ በየማረፊያው ካህናቱ ፍትሐት ያደርሳሉ። ጋሼ በየማረፊያው አንድ ጥይት እንዲተኮስላቸው ይፈልጋሉ። የአባታቸው ቀብር ላይ እንዲያ ተደርጎ ነበርና፣ እሳቸውም ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ በአንድ ሲያጠራቅሙ ኖረዋል። እያንዳንዱ ጥይት ቦታው ይታወቃል። አንደኛው ከደጃፍ ሲነሡ፣ ሁለተኛው የጎረቤታቸው አጥር ጥግ፣ ሦስተኛው ጥዱ ሥር፤ እንዲህ እያለ ሰባተኛው የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይደርሳል።

«በልጃቸው እህል ላይ ከርከሮ ሠልጥኖበት እሳቸው ለሬሳቸው ይቆጥባሉ» አሉ እማማ የሺ፣ ጋሼ እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «አንቱ ሰውዬ፣ ሰባቱንም ቢተኩሱልዎ እኮ አይሰሙትም!»

«ሌላው ይሰማል» አሉ ጋሼ።

ዓርብ ገና ውርጩ ሳይነሣ ወጣን። መንገዳችን በጓሳው ጫፍ ያልፋል። ሜዳው ሁሉ ነጭ ሆኖ ሣሩ ሲረገጥ ይንኮሻኮሻል። ገና አንድ ሰዓት ሳንሄድ ጫማዬ ተረከዜን በላኝ። እያነከስኩ ሳለ አንድ መላ መጣልኝ፤ ዝቅ አልኩና አንድ እፍኝ ሣር ቆርጬ ጫማዬ ውስጥ መጠቅጠቅ ጀመርኩ።

«ምን አደረግህ?» አሉ ጋሼ። እንዲያ ያለ ድምፅ ከሳቸው ሰምቼ አላውቅም።

«ለተረከዜ ነው።»

«ይህ ሣር ተዘግቷል። የሚታጨድበት ዓመት ሲደርስ ይከፈታል፤ ያን ቀን ሁሉም እኩል ያጭዳል። እስከዚያ ማንም አይነካውም። መልስ!»

«ተቆርጦ የት ይመለሳል?»

«ከነበረበት።»

እኔም የአርባ አራት ዓመት ሰው፣ የሁለት ልጆች አባት፣ ተንበርክኬ ሣሩን ክር በክር መሬት ላይ ስተክል ቆየሁ። ጋሼ ከላዬ ቆመው ያሠሩኛል፤ «እሷ ጠማማ ናት፣ አቅናት።» ሁለት መንገደኞች ሲያልፉ ቆመው አዩኝ። አንደኛው «ምን ሆኖ ነው?» ሲል ጠየቀ።

«አማቼ ነው» አሉ ጋሼ። «ፋርማሲስት ነው።»

ሰዎቹ የሐዘን ፊት አሳይተው አለፉ። ትንሽ እንደሄድን አንድ ቀይ ቀበሮ መንገዱን አቋርጦ፣ ቆም ብሎ አየን። ጋሼ ጠመንጃውን ከትከሻቸው ሳያነሡ አሳለፉት። ጓሳ ላይ አውሬም እንደ ሣሩ ነው፣ አይነካም አሉኝ። ስለ ሣሩ የተማርኩትን ስለተማርኩ አልተከራከርኩም።

መሐል ሜዳ ስንደርስ ጠላ ቤት አረፍን። የጾም ቀን ስለሆነ ከጠላው ጋር የቀረበልን ቆሎ ብቻ ነበር። ጋሼ አራቱን ጥይት ጠረጴዛው ላይ ሲያወጡ የቤቱ ሰው ሁሉ ከበበን። መድኃኒት ቤት ሐኪም ካዘዘው ይልቅ ወረፋ የያዘው ሰው ያዘዘው እንደሚታመን አውቃለሁ፤ እዚህም ያው ነው። አንዱ ጥይቱን በነጭ ሽንኩርት እሹት አለ። ሌላው የከርከሮ ልብ በቀኝ በኩል ነው ብሎ ማለ። ሦስተኛው ቂጡ የተመታውን ጥይት አንሥቶ በጆሮው አጠገብ ነቀነቀና «ይቺ ቂም ይዛለች፤ ተዋት» አለ። ጋሼ ግን «አንዴ የተመታች ሁለተኛ ትለምዳለች» ብለው መለሷት። ጠላው እስኪያልቅ ድረስ ስለ ጥይት ሁሉን የሚያውቅ እንጂ አንድ ከርከሮ የገደለ ሰው አላገኘንም።

ከዚያ ወደ ምዕራብ የሚሄድ አይሱዙ አገኘን። ጋሼን ከሾፌሩ ጎን አስቀመጧቸው። እኔን ከኋላ፣ ከበግ ጋር ጫኑኝ። መንገዱ ሲያነሣን በጎቹም እኔም አብረን እንነሣለን፤ ስንወድቅ ግን እነሱ እኔ ላይ ነው የሚወድቁት። ማታ ገደሉ አፋፍ ላይ ካለ የጋሼ ዘመድ ቤት አደርን። የቤቱ ጌታ የሞቀ ውሃ አምጥቶ ራሱ እግሬን ሊያጥብ ተቀመጠ። «ኧረ እኔ እታጠባለሁ» ብል አልሰማኝም። ተረከዜ ላይ ያለውን ቁስል ሲያይ ከንፈሩን መጠጠና ሚስቱን ተጣርቶ የተልባ ዘይት አስቀባኝ። ያ ሰው ስሜን እንኳ ገና አልጠየቀኝም ነበር። አዲስ አበባ ጎረቤቴ የእግሬን ቁጥር ቀርቶ የቤቴን ቁጥር አያውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ከአፋፉ ላይ ጋሼ በከዘራቸው አመለከቱኝ። ከገደሉ ማዶ የዓለም ከተማ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል።

«ያውልህ፣ ደርሰናል።»

በመኪና ቢሆን ደብረ ብርሃን ወርደን፣ አዲስ አበባ ገብተን፣ ሌላ አውቶቡስ ይዘን ዓባይ ያቋረጥን ያህል መዞር ነበረብን፤ ያውም ጠመንጃ ይዞ አዲስ አበባ የሚያሳልፈን የለም። በእግር ደግሞ ያው፣ ደርሰናል። ሲወርዱ ዋሉ፣ ስወርድ ዋልኩ። ጋሼ እንደ ፍየል ከድንጋይ ድንጋይ ይዘላሉ፤ እኔ በመቀመጫዬ ተንፏቀቅሁ። ደጋው ላይ ሹራብ ደርቤ ነበር፤ ከቀትር በፊት ሸሚዜን እንኳ ጠላሁት። አዳባይ ወንዝ ስንደርስ ጋሼ አራቱን ጥይት ለኔ ሰጡኝ፤ ውሃው መሐል እንዳይወድቁ ፈርተው ነው። «አንተ ወጣት ነህ» አሉኝ። ሰባቱን ግን ከወገባቸው ፈትተው ጥምጣማቸው ውስጥ ራሳቸው ላይ አሰሩ። ከዚያ ከዘራቸውን እየተደገፉ ሳይረጥቡ ተሻገሩና ጨርቁን ወደ ወገባቸው መለሱ። ወጣቱ መሐል ላይ ድንጋይ ከድቶት ከነጥይቱ፣ ከነስልኩ፣ ከነዳቦው ጠለቀ።

ከወንዙ በላይ እትዬ ብርሃኔ የሚባሉ ሴት ቤት አስገቡን። እትዬ ብርሃኔ የዋህ ሰው ናቸው። ልብሴን ወሰዱ፣ የሟች ባላቸውን ቁምጣ ሰጡኝ፣ ዳቦውን ለዶሮ በተኑ። እኔና ጋሼ መደቡ ላይ ተቀምጠን ሽሮ እየበላን፣ ጋሼ ስለ ወደቅሁበት ሁኔታ ለሦስተኛ ጊዜ ሲተርኩ ድንገት አቋርጠው፣ «ጥይቶቹስ?» አሉ።

«አይጨነቁ፣ እነሱንም አሙቄያቸዋለሁ» አሉ እትዬ ብርሃኔ።

«የት?»

«ከእሳቱ ዳር፣ ከገብሱ ጋር። ገብሱ ገና አልፈነዳም።»

ጋሼን ገደል ሲወርዱ ፈጣን ናቸው ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ከመደቡ እስከ ምድጃው በአንድ ዝላይ ደረሱና የገብሱን ምጣድ ከነጥይቱ አንሥተው ወደ ውጪ ሮጡ። እኔ በሟች ቁምጣ ከኋላቸው፣ እትዬ ብርሃኔ «ገብሴን! ገብሴን!» እያሉ ከኔ ኋላ። ምጣዱን ግቢው መሐል አስቀምጠው ሦስታችንም ከድንጋይ አጥር ጀርባ ተኛን። ብዙ ጠበቅን። ምንም አልፈነዳም። ዶሮዎቹ መጥተው ገብሱን ለቀሙ።

«እንዲያውም ደርቀዋል» አሉ ጋሼ ሲነሡ። እትዬ ብርሃኔ በማግስቱ ስንሄድ አዲስ ገብስ ቆልተው በቋጠሮ ሰጡን፤ ይቅርታ የጠየቁት ግን ጥይቶቹን እንጂ እኛን አልነበረም።

እሁድ ከሰዓት ዘነበች ቤት ደረስን። አባቷን ስታይ አለቀሰች፣ ቁምጣዬን ስታይ ሳቀች። ታደለ ትከሻው በጨርቅ ታስሮ ደጅ ተቀምጧል። ወጌሻው አትንቀሳቀስ ስላለው በአፉ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ከርከሮው ጥጃ ያህላል አለን፤ ቡናው ሲፈላ በሬ አከለ። ማሳውን ግን ሳየው ሳቁ ቀረ። ሦስት እርከን ነበር። አንደኛው ተገልብጦ ተረግጧል፣ አንድ ራስ ማሽላ የቆመ የለም። ሁለተኛው ግማሹ ሄዷል። ዘነበች የተሰበረውን አገዳ እያቃናች፣ ቀና እንደማይል እያወቀች፣ «እስከ ክረምት የምንበላው ይቺ የቀረችው ናት» አለች። እኔ የወር ደመወዝ የምጠብቅ ሰው ነኝ፤ የዓመት ምግብ በአንድ አውሬ አፍ ሲያልቅ ቆሞ ማየት ምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ፣ አዘንኩም።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል መጣ። የታደለን ወሬ ቀንሼ በመስማቴ አሁን አፈርኩ፤ እውነትም ትልቅ ነው። ጥርሱ ከከንፈሩ ወጥቶ ወደ ላይ ታጥፏል። ጋሼ እርከኑ ላይ ተንበርክከው አነጣጠሩ። ጠቅ። አልጮኸም። ሌላ አጎረሱ። ጠቅ። ሦስተኛው ያ ቂመኛው ነበር፤ ሁለተኛም አልለመደም። አራተኛው ተኮሰ ልበል? ጭስ ወጣ፣ «ፍስ» አለ፣ ጥይቱ ከፊታችን ካለው ድንጋይ አጠገብ ሲወድቅ በዓይኔ አየሁት። ከርከሮው ቀና ብሎ አየን። ከዚያ ፊቱን አዙሮ መብላቱን ቀጠለ።

«ደንቆሮ ነው» አሉ ጋሼ።

ዘነበች የአባቷን ወገብ፣ ያንን ነጭ ጨርቅ ብቻ ነው ያየችው። ጋሼም ማየቷን አይተው ሸሚዛቸውን ሳብ አደረጉ። «ነገ ዓለም ከተማ ሰው እናማክራለን» አሉ።

ሰኞ ወጣን። ዓለም ከተማ ታደለ የነገረን አንድ ሰው አለ፤ ጋሽ አበራ ይባላል። በወጣትነቱ ባሌ ውስጥ የውጭ አገር አዳኞችን አጋዘን ፍለጋ እየመራ ይኖር ነበር። አሁን ጡረታ ወጥቶ ደጁ ላይ ችግኝ ያፈላል። ጥይት ልንለምነው ነበር የሄድነው።

«ጥይት የለኝም» አለ። «የቀረኝ እውቀቱ ብቻ ነው። እሱን ልስጣችሁ?»

ተቀመጥን። ከገበያ የመጣ ትልቅ ፓፓያ አወጣና ጭኔ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ስፌት የሚሰፋበትን የሚስቱን ወስፌ አንሥቶ በፓፓያው በዚህ አስገብቶ በዚያ አወጣው። ቀዳዳው በጭንቅ ይታያል።

«ሾጣጣ ጥይት እንዲህ ነው። ሙሉ ልባሱ ነሐስ ነው፤ ገብቶ ይወጣል። ለሰው የተሠራ ነው። ትልቅ አውሬ በዚህ ሲመታ አንድ ቀን ሮጦ የትም ሄዶ ይሞታል፤ ወይ ደግሞ አይሞትም።» ከዚያ አውራ ጣቱን ፓፓያው ውስጥ ከተተና ጠመዘዘው። ጭማቂው ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ። «ጫፉ እርሳስ የሆነ ግን ሲገባ ይከፈታል፣ እዚያው ይቀራል። ለከርከሮ እሱ ነው የሚመረጠው። ከፊት እግሩ ኋላ፣ ከመሐል ዝቅ አድርጋችሁ። ያላችሁን አሳዩኝ።»

ጋሼ ወገባቸውን ዳሰሱና ጨርቁን ፈቱ። ጋሽ አበራ ሰባቱን አንድ በአንድ አገላበጠ። ስድስቱን ወደ ጎን አደረገ። ሰባተኛዋን፣ ጫፏ ግራጫ የሆነውን፣ በሁለት ጣቱ ይዞ ፀሐይ ላይ አያት።

«ይቺ ናት። የአዳኝ ጥይት ናት፤ ከየት አገኛችኋት?»

«ከባሌ የመጣ ወታደር ነው የሰጠኝ። ጫፏ ብር ነው» አሉ ጋሼ።

«እርሳስ ነው፣ አባቴ።»

«እሷ አትሆንም። ከነዚያ ስድስቱ አንዷን ላድርግ። ሁለተኛዋን ልስጥ።» ሁለተኛዋ ከማይዋደዱት ጎረቤት አጥር ጥግ የምትተኮሰዋ ነበረች።

«በነዚህ ቢመቱት አቁስለው ይሰዱታል። የቆሰለ ከርከሮ ደግሞ ማሽላ አይፈልግም፤ ውሃ የሚቀዳ ሰው ላይ ነው የሚወጣው። ወይ በዚችው፣ ወይ ጭራሽ አይተኩሱ።»

ጋሼ ጥይቷን ተቀብለው መልሰው ጠቀለሏት። የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ የሰባተኛው ማረፊያ ጥይት ነበረች። ፓፓያውን ለሦስት በላነው፤ ጋሼ አልጣማቸውም። ቁልቁል ስንመለስ ከዘራቸውን እየጎተቱ ኋላ ቀሩ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊታቸው ሄድኩ።

ራት ላይ ታደለ «ምን አላችሁ?» ሲል እኔ ወሬው ከአፌ አመለጠኝ፤ ስለ ፓፓያው ልነግረው ጀምሬ ስለ ጥይቷ ጨረስኩ። ጋሼ በዓይናቸው ወጉኝ። ዘነበች ወጥ ማውጣቷን አቆመች።

«ጋሼ፣ ሰባተኛዋ የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ናት አይደል?»

«ናት።»

«እዚያ ነው እኔ የምቆመው። ሴቶቹ የሚቆሙት እዚያ ነው።» ድምፅዋ ቁጣ የለውም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። «ግን እኮ ሦስት ቀን መንገድ ነው። ይቺ ማሽላ ካለቀች፣ ለቀብርዎ የምመጣበት ስንቅ የለኝም።»

ጋሼ የያዙትን ጉርሻ ሳይጎርሱ አስቀመጡ። በኋላ «እጄን አስታጥቢኝ» አሉ።

ማክሰኞ ገና ሲነጋጋ በእግራቸው ነካ አደረጉኝ። «ተነሣ። እንዳልወድቅ ያዘኝ ተብለህ የለ?» እርከኑ ጥግ አጎነበስን። ከርከሮው ሁለተኛውን እርከን እየጨረሰ ነበር። ጋሼ ነጩን ጨርቅ ፈቱ፤ አንዷን ብቻ አወጡ፤ በእጃቸው መዳፍ ትንሽ ይዘው አሞቋት፣ ከዚያ አጎረሱ። ጮኸች! እንዲያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም፤ ድምፁ ገደሉ ውስጥ ገባ፣ ማዶ የመንዝን ግድግዳ መታ፣ ተመልሶ መጣ፣ እንደገና ሄደ። ከርከሮው ሁለት እርምጃ ተራምዶ በጎኑ ወደቀና አልተነሣም።

«ጋሼ፣ ወደቀ! እንሂድ!»

«ዝም በል» አሉኝ። ጆሯቸውን ወደ ገደሉ አዘንብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። ከሩቅ የመጨረሻው ማስተጋባት እስኪጠፋ ድረስ አልተነሡም።

ከዚያማ ሠፈሩ ሁሉ መጣ። እልል ተባለ። ወጣቶቹ ጋሼን ይፎክሩልን ብለው ቢለምኗቸው፣ ለአሳማ አይፎከርም ብለው እንቢ አሉ፤ ፊታቸው ግን በራ። ታደለ ትከሻውን ይዞ እየተንገዳገደ መጥቶ የከርከሮውን ፊት ለረጅም ጊዜ ከመረመረ በኋላ «እሱ ነው» ሲል መሰከረ። ሥጋውን የሚበላው ስለሌለ ጉድጓድ ተቆፈረለት። መቆፈሩ ለእንግዳ ክብር ነው ተብሎ ለእኔ ተሰጠኝ። ዘነበች የአባቷን ጉልበት ሳመች፣ ከዚያ ማጭዷን ይዛ ሳትውል ሳታድር የደረሰውን ማሽላ ማጨድ ጀመረች።

የመልሱን መንገድ አልዘረዝርም። የወረድነውን ወጣን፣ ይኸው ነው። እትዬ ብርሃኔ ቤት ስንደርስ ባዶ እጃችንን እስክናሳያቸው ድረስ ወደ ምድጃው አላስጠጉንም። የሟችን ቁምጣ መለስኩላቸው፤ የኔ ሱሪ ከቆፈርኩ በኋላ ከቁምጣው የባሰ ነበር። በግ ጭኖ የነበረው አይሱዙም ሲመለስ በግ አልነበረውም፤ ስለዚህ ስወድቅ የምወድቅበት እንኳ አጣሁ።

ዓርብ ማታ ጓሳ ጥግ ደረስን። እማማ የሺ የዘነበችን ወሬ ጠየቁ፣ የታደለን ትከሻ ጠየቁ፣ ማሽላው ስንት እርከን እንደተረፈ ጠየቁ። ከዚያ ነጩን ጨርቅ ከጋሼ ወገብ ራሳቸው ፈቱና ሰፌዱ ላይ አፈሰሱት። ለቀሙ። ደግመው ለቀሙ።

«ስድስት ናቸው።»

«ስድስት ናቸው» አሉ ጋሼ።

«የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ነው ያጡት? ለሃያ ዓመት የጠበቋትን?» እማማ የሺ ሊቆጡ ነው ወይስ ሊያለቅሱ፣ አልለየሁም። «ታዲያ ሰባተኛው ላይ ዝም ሊባል ነው?»

ጋሼ መደቡ ላይ እግራቸውን ዘርግተው፣ ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ነበር።

«የሺ፣ ስድስቱን ሌላ ሰው ይሰማቸዋል» አሉ። «ሰባተኛዋን እኔ ሰማኋት።»